የእህቴ መድኃኒት

ቡታጅራ በርበሬ ተራ የገባ ሰው የሙስተፋን ሱቅ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር፤ ድምፁ ራሱ ይመራዋል። ሲስቅ ማዶ ያለው ይሰማዋል፣ ሲቆጣ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ። አባቱ ሲሞቱ ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ልጅ ነበር። ትምህርቱን ትቶ የአባቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እናቱን እስከ መጨረሻዋ ጦረ፣ ታናሽ እህቱን ፈቲሀን አስተማረ። እሷም አላሳፈረችውም። ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ህንድ አገር ሄዳ ዶክተር ተብላ ተመለሰች፣ ወልቂጤ ላይ መምህርና ተመራማሪ ሆና ተቀጠረች። ሙስተፋ ለደንበኛ በርበሬ ሲያፍስ፣ "ይሄን አትናቀው፤ ከዚህ በርበሬ ዶክተር ወጥቷል" ይል ነበር።

አባታቸው የሞቱት በጉበት ነው። ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ፣ እጅና እግራቸው እንጨት አክሎ። ጎረቤት "የወፍ በሽታ ነው" አለ። ሥር ተቀቅሎ ተጠጣ፣ ዱዓ ተደረገ፤ አልሆነም። ፈቲሀ የአባቷን ሆድ አልረሳችውም። ኋላ ስለ ቫይረስ ስትማር ያ በሽታ ስም እንዳለው፣ በደም እንደሚተላለፍ፣ ከእናት ወደ ልጅ እንደሚወርድ፣ ለዓመታት ጉበት ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ኖሮ አንድ ቀን እንደሚነሳ አወቀች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማጥናት አላማራትም። የጉበትን ቫይረስ የሚያቆም መድኃኒት ፍለጋ ዕድሜዋን ሰጠች።

ከህንድ እንደተመለሰች መጀመሪያ ያደረገችው ቤተሰቡን ማስመርመር ነው። እሷ ነፃ ሆነች። ሙስተፋ ደም ውስጥ ግን ቫይረሱ ተገኘ።

"አባባን የገደለው ነው?" አላት።

"እሱ ነው ጋሼ። ግን ያኔ መድኃኒት አልነበረም፤ አሁን አለ። ከሥሩ ነቅሎ አያጠፋውም፣ ያስተኛዋል። በየቀኑ ትውጣለህ፣ በቃ።"

"ዕድሜ ልኬን?"

"ዕድሜ ልክህን።"

ሙስተፋ ክኒኑን ጀመረ፤ ግን አልወደደውም። ክኒኑን የሚቀበለው የኤች አይ ቪ ታካሚዎች ከሚሰለፉበት መስኮት ነው፤ እንክብሉም እነሱ ከሚወስዱት አንዱ ነው። ለገበያ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሰው እዚያ መስኮት ላይ ካየው በማግስቱ በርበሬ ተራው በሙሉ እንደሚያወራበት ያውቃል። ስለዚህ ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ይሄድ ነበር።

ፈቲሀ ወልቂጤ ላይ ሥራዋን ቀጠለች። ባልደረባዋ ይትባረክ ከጎንደር የመጣ ዝምተኛ የኬሚስትሪ ሰው ነው። እሱ ከቁጥቋጦ ሥሮች ንጥረ ነገር ያወጣል፣ ያጣራል፤ እሷ አዲስ አበባ ወዳለ ቤተ ሙከራ ወስዳ ቫይረሱ ባለባቸው የጉበት ሴሎች ላይ ትሞክረዋለች። አንዱ አይሠራም፣ ሌላው አይሠራም። መብራት ይጠፋና የወራት ልፋት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይበላሻል። እንደዚህ ሲሉ ሲሉ አንዱ ንጥረ ነገር ሠራ። የቫይረሱ መጠን እያየችው ወረደ። ደግማ ሞከረችው፤ አሁንም ወረደ። ወዲያው ለይትባረክ ደወለችለት።

ወሬው ቡታጅራ ደረሰ። የከተማው ሰዎች አዳራሽ አስጌጠው ጠሯት። ሙስተፋ ከሚስቱ ከባሂራ ጋር ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ አዲስ ኮፍያ አድርጎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሙሽራ አባት። ፈቲሀ ስለ ሴሎቹ ስታስረዳ ሕዝቡ በአክብሮት ዝም አለ። ብዙ ደረጃ እንደሚቀር፣ ገና እንስሳት ላይ እንኳ እንዳልተሞከረ ተናገረች። ይህን ማንም አልሰማም። ከዚያ የራዲዮ ጋዜጠኛው ማይክሮፎኑን አስጠግቶ፣ "ዶክተር፣ ሕዝቡ መስማት የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ መቼ ይደርሳል?" አላት።

ጭብጨባው ገና ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ወንድሟን አየችው።

"ሩቅ አይደለም" አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

ብዙም ሳይቆይ ይትባረክ ወልቂጤ ቢሮዋ መጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። ሙከራውን እሱ በራሱ መንገድ ደግሞት ነበር፤ ሴሎቹን ከንጥረ ነገሩ ጋር ከወትሮው ይበልጥ አቆይቶ።

"ፈቲሀ፣ ቫይረሱ የቀነሰው ሴሎቹ እየሞቱ ስለነበር ነው" አላት።

"አይሆንም። የሴሎቹን ጤና ለክቻለሁ።"

"ለክተሻል። ግን ቶሎ ነው የለካሽው። ትንሽ ብትቆዪ ታዪው ነበር። መድኃኒቱ የሚገድለው ጉበቱን ነው፤ ጉበት ከሌለ ደግሞ ቫይረሱ የሚኖርበት የለም።"

ተከራከረችው። አዲስ አበባ ሄዳ ራሷ ደገመችው። ውጤቱ ይትባረክ ያለው ሆነ። ለኅትመት የላኩትን ጽሑፍ በሳምንቱ አስመለሰች፤ ለገንዘብ ሰጪዎቹም እውነቱን ተናገረች። በሙያ ወገኖቿ ፊት እንከን አልተገኘባትም፤ እንዲያውም አመሰገኗት። ቡታጅራ ግን አልደወለችም። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያለች ቀናቱ ሄዱ። አንዳንድ ጊዜ ስልኩን አንስታ ቁጥሩን ሳትጨርስ ታስቀምጠዋለች። ያ አዳራሽ፣ ያ ኮፍያ፣ ያ ጉልበት ላይ ያረፈ እጅ ይመጣባታል።

ሙስተፋ ሲደውል የሚጠይቃት እንደ ሰላምታ የሆነ ነገር ነበር። "መድኃኒታችንስ?"

"ሥራ ላይ ነን ጋሼ" ትለዋለች። ይህ ውሸት አልነበረም፤ ሌላ ንጥረ ነገር ጀምረው ነበር። ስልኩን በዘጋች ቁጥር ግን ጆሮዋ ይግላል።

በረመዳን አንድ ቀን፣ ከአፍጥር በፊት፣ ደወለላት። ደስ ብሎታል። "ያንን የሰው ክኒን ምን ያደርግልኛል? ያንቺው ሲደርስ እሱን እውጣለሁ" አላት።

ፈቲሀ ሳቀች። "ቀልድህን ተው፤ ልጆቹ እንዴት ናቸው?" አለችው። ቀልድ ይሁን እውነት አልጠየቀችም። ብትጠይቅ የሚከተለውን ጥያቄ ታውቀዋለች፤ ያንን ጥያቄ ነው የሸሸችው።

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ መውጣት ሲጀምር ባሂራ ደወለች። ፈቲሀ ተማሪዎች እየፈተነች ነበር። ባሂራ ሌላ ጊዜ ሰላምታዋ ረጅም ነው፤ የሰውንም የከብቱንም ጤና ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይ አትገባም። ያን ቀን ግን፣ "ፈቲሀ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል" አለች። ቀጥላም፣ "ሆዱ እንደ አባታችሁ ነው" አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ፈቲሀ ተማሪዎቹን ለይትባረክ ትታ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዘች። እምድብርን አልፎ መኪናው ሽቅብ ሲል፣ የቸሃ እንሰት ከመንገዱ ግራና ቀኝ በዝናብ ታጥቦ ያበራል። አረቅጥ ላይ ጭጋግ ነበር፤ ተሳፋሪው መስኮት ይዘጋ ይከፈት እያለ ይጨቃጨቃል። ፈቲሀ ምንም አልሰማችም። በልቧ ሰበብ ትደረድር ነበር፦ ክኒኑ ያልሠራ ይሆናል፣ ሌላ በሽታ ይሆናል፣ ሐሞት ይሆናል። የረመዳኑ ስልክ እየመጣ ሰበቡን ሁሉ ያፈርስባታል።

ቡታጅራ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የተቀበለቻት ሐኪም ሔራን ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ፊቷ ላይ ድካም አለ።

"ክኒኑን ካቋረጡ ቆይተዋል" አለች ሔራን። "ሲያቋርጡት ቫይረሱ ይነሳል፤ ተነሥቶ ጉበቱን መታው። ለምን እንዳቋረጡ ስጠይቃቸው እህቴ መድኃኒት እየሠራችልኝ ነው አሉኝ።" ቀና ብላ አየቻት። "እህታቸው እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ" አለች ፈቲሀ።

"እኔም ራዲዮ ላይ ሰምቼዎት ነበር። የት ደረሰ?"

ሐኪሟ የጠየቀችው ለነገር አልነበረም፤ በቅንነት ነው። ፈቲሀ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። "ወድቋል" አለች፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። ሔራን ፋይሉን ብብቷ ሥር አድርጋ፣ "ይግቡ፤ ሲጠብቁዎት ነው የዋሉት" አለቻት።

ሙስተፋ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ያ ገበያውን የሚሞላ ሰው ፊቱ ሟሙቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ቢጫ። ሲያያት ግን ፈካ። ጎኑ ለተኙት ሽማግሌ፣ "ይቺ ናት! ያልኩዎት፣ ይቺ ናት!" አላቸው። ሽማግሌው ሊነሡላት ሞከሩ።

"አሰላሙ ዐለይኩም" አለች።

"ወዐለይኩሙ ሰላም። ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። ባሂራ፣ ትራሱን አንሺላት።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይዘሽልኝ መጣሽ? ባይጨርሱትም ችግር የለም፤ እኔ ላይ ሞክሩት። እፈርማለሁ።"

ባሂራ አልጋው ግርጌ ቆማ ፈቲሀን በተስፋ አየቻት። ከሁሉ የከበዳት የባሂራ ዓይን ነበር።

"ጋሼ፣ መድኃኒቱ የለም።"

"አልደረሰም?"

"አይደርስም። ወድቋል። ቫይረሱን የሚገድል መስሎን ነበር፤ ጉበቱን ነው የሚገድለው።"

ሙስተፋ እንዳልገባው ሰው አያት። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

መዋሸት ትችል ነበር። "ከረመዳን በፊት" አለች።

"በደወልኩ ቁጥር ጠይቄሻለሁ።"

"አዎ።"

"ሥራ ላይ ነን አልሽኝ።"

"አዎ ጋሼ።"

"በረመዳን ሳቅሽ" አለ። "ትዝ ይለኛል፤ ሳቅሽ።"

ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። ቢጮህ ይቀላት ነበር። አልጮኸም። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ላለመስማት የሚችሉትን ያህል ጣሩ። ሙስተፋ ብርድ ልብሱን ሆዱ ላይ ጎትቶ ሸፈነው፣ የተነፋው ሆዱ እንዳይታያት የፈለገ ይመስል።

"ሙንታሲርስ?" አለ ድንገት።

"ልብስ ሰፊው ሙንታሲር? ምን ሆነ?"

"እሱም አለበት። እሱም ክኒኑን ትቷል። ያስተውኩት እኔ ነኝ። እዚያ መስኮት ላይ ተገናኘን፤ ሁለታችንም ፊታችንን ሸፍነን። ተሳሳቅን። ምን ይህን ያህል ያሸማቅቀናል፣ የእህቴ መድኃኒት ሊደርስ ነው አልኩት። ሌሎችም አሉ ፈቲሀ። ለሌሎችም ነግሬያለሁ።"

ፈቲሀ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያፈረችው በወንድሟ ፊት ነበር። አሁን ኀፍረቱ ከክፍሉ ወጥቶ ከተማውን ሲሞላ ታያት።

"ስማቸውን ንገረኝ" አለችው።

"አንቺ ራስሽ ልትሄጂ?"

"እኔ ራሴ።"

ነገራት። እያንዳንዱን ስም ሲናገር ዓይኑን ይጨፍን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከባሂራ ጋር ወጣች። ባሂራ መንገዱን ሁሉ አላናገረቻትም፤ ቤቶቹን ግን አሳየቻት። አንዱ ሰው በሩ ላይ አቁሟት ሰምቶ፣ "አላህ ይይልሽ፣ አሁን ደግሞ ያንን ሰልፍ" ብሎ ገባ። ሌላው ክኒኑን ከነጭራሹ አላቋረጠም ነበር፤ "የሙስተፋን ወሬ ማን ያምናል?" ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ አሳረፋት፣ አሳፈራትም። ቅቤ የሚነግዱ አንዲት እናት ግን ጨርሶ አላመኗትም።

"ለውጭ ሸጠሽው ነው አይደል?" አሏት።

"አይደለም እማማ። አልሠራም።"

"እኔ አልተማርኩም፤ ቂል ግን አይደለሁም። ራዲዮ ላይ ሠርቷል ብለሽ አሁን አልሠራም? ዋጋ አግኝተሽበት ነው። ለድሃ ማን ይሰጣል!"

ፈቲሀ ማለች። መሐላዋ ይበልጥ አስጠረጠራት። ባሂራ በጉራግኛ ጣልቃ ገብታ ብዙ ተናገረች፤ ስለ ባሏ ሆድ ተናገረች፤ ሴትዮዋ በመጨረሻ ዝም አሉ። ነገ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ ያሉት ለባሂራ ነው። ፈቲሀን ደግመው አላዩዋትም።

ሙንታሲርን ሱቁ አገኙት። የተማሪ ዩኒፎርም ተቆልሎበት እየሰፋ ነበር። ፈቲሀን ልጅ ሆና ያውቃታል፤ ለትምህርት ቤት የለበሰችውን የመጀመሪያ ቀሚስ የሰፋላት የእሱ አባት ነው። ሲያያት ተነሥቶ ወንበሩን በእጁ ጠረገላት። አልተቀመጠችም። ቆማ ነገረችው።

ሰምቶ ሲጨርስ በጣቱ ያንጠለጠለውን ሜትር ማጠፍ ጀመረ። አጠፈው፣ ፈታው፣ እንደገና አጠፈው።

"ሙስተፋ ሲነግረኝ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? የሰፈራችን ልጅ እየሠራችው ለምን የፈረንጅ እውጣለሁ አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት። ኮርቼብሽ ነው ያቆምኩት።"

"ይቅር በለኝ።"

"ሚስቴ አትተው ስትለኝ ተቆጥቻታለሁ። ገጠሬ ነሽ፣ ሳይንስ አይገባሽም ብያታለሁ።" አንዴ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። "አሁን ቤት ገብቼ ምን ልበላት?"

"እኔ ልንገራት። ወደ ሆስፒታሉም አብሬህ ልሂድ፤ ዛሬውኑ ደምህ ይታይ።"

"አብረሽኝ አትሄጂም" አለ ሙንታሲር። "መንገዱን አውቀዋለሁ።"

ሱቁን በቀን ዘጋ፤ ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ። ፎጣ ፊቱ ላይ አላደረገም። ባሂራ ከኋላው እያየችው፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቲሀን አናገረቻት። "ከዚህ ሁሉ፣ ያኔ አንድ ስልክ ብትደውዪ ምን ነበረበት?"

ፈቲሀ ልትል የምትችለው ሁሉ፣ ሥራው፣ ድካሙ፣ ተስፋው፣ በዚያ ጥያቄ ፊት ወሬ ሆነባት።

"አፍሬ ነው" አለች።

"እንግዲህ አሁንም አፈርሽ" አለች ባሂራ። ክፋት አልነበረውም፤ እንደ ገበያ ሒሳብ ነው የተናገረችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ባሏ መንገድ ጀመረች።

ሙስተፋ አልሞተም። ሔራን አልተወችውም፤ ክኒኑን አስጀመረችው፣ ውሃው ከሆዱ ተቀዳ፣ ዓይኑ ቀስ በቀስ ጠራ። ግን ጉበቱ ከእንግዲህ የቀድሞው እንደማይሆን፣ ከባድ ማንሣት እንደሌለበት፣ በየጊዜው መታየት እንዳለበት ተነገረው። ሱቁን ባሂራ ያዘችው። እሱ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ድምፁ ማዶ መድረሱን አቆመ።

ፈቲሀ ወልቂጤ ተመለሰች። ይትባረክ የከሸፈውን ሙከራ ጽፈው እንዲያሳትሙ ሐሳብ አቀረበ፣ ሌላ ተመራማሪ በዚያው ጉድጓድ እንዳይገባ። "ይሄ እኮ አያሳፍርም" አላት። "አሥር ሞክሮ አሥሩም የሚወድቅበት ሙያ ነው።" ፈቲሀ ጻፈችው። ያሳፈራትን ነገር ግን የሚጽፉበት መጽሔት እንደሌለ ለይትባረክ አልነገረችውም። አዲሱን ንጥረ ነገር ስትሞክር ሴሎቹን ረጅም ጊዜ ታቆያቸዋለች፤ ደጋግማ ታያቸዋለች። ሲሠራ እንኳ ደስታው ቶሎ አይመጣላትም።

አረፋ ደረሰ። ዘመድ ከአዲስ አበባ እንደየዓመቱ ጎረፈ፤ ግቢው በመኪናና በልጆች ተሞላ። መርካቶ የሚነግደው የአጎታቸው ልጅ ዑመይር ከምሳ በኋላ እጁን ታጥቦ ተደላድሎ ተቀመጠና ጮክ ብሎ፣ "ዶክተር! ያ መድኃኒትሽ ገበያ አልወጣም እንዴ?" አላት።

ቤቱ ዝም አለ። ባሂራ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሙስተፋ አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን ያይ ነበር። ፈቲሀ ቀና አለች።

"አልሠራም ዑመይር። ወድቋል። ይሠራል ብዬ የተናገርኩት ቸኩዬ ነው።"

"ኢንሻአላህ ሌላ ትሠሪያለሽ" አለ ዑመይር። ወዲያው ወደ ጎኑ ዞሮ ስለ በርበሬ ዋጋ መጠየቅ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ጫጫታው ተመለሰ። ያንን ያህል ጊዜ ያልወጣላት ቃል ይህችን ያህል ጊዜ ብቻ ነበር የፈጀው። ፈቲሀ ከእንግዳው መሐል ተነሥታ ጓሮ ወጣች፤ እንሰቱ ሥር ቆማ አለቀሰች።

ሙስተፋ በዝግታ መጣ። አጠገቧ ቆመ፤ እንባዋን እንዳላየ ሆነ።

"አሁን የያዛችሁት እንዴት ነው?" አላት።

"አላውቅም ጋሼ። የሚወድቅ ይመስለኛል።"

"ሲወድቅ ደውይልኝ።"

ሌላ አልጨመረም። ይቅር ብዬሻለሁም አላላትም። ትንሽ ቆሞ፣ ብርዱ ሲሰማው ገባ።

ከበዓሉ ማግስት ወደ መናኸሪያው ስትሄድ በሙንታሲር ሱቅ በኩል ማለፍ ነበረባት። መንገድ መቀየር አሰበች፤ ከዚያ ተወችው። ሙንታሲር ማሽኑ ላይ ነው፤ ክኒኑን እንደጀመረ፣ በጊዜ እንደደረሰ ከሔራን ሰምታለች። በሩ ላይ ቆም ብላ ሰላምታ ሰጠች። በሃይማኖታቸው ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና መለሰላት፤ ሙሉውን፣ አንድ ቃል ሳያጎድል። ዓይኑን ግን ከጨርቁ አላነሣም። ፈቲሀ ትንሽ ቆመች፤ ማሽኑ መሽከርከሩን ቀጠለ። ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ የወልቂጤውን ሚኒባስ ልትይዝ ሄደች።